በመቻራ ተራው የማን ነበር

ባለፈው ሐሙስ ከአሱር ሶላት በፊት በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ የተቀደደ ጆንያ ስሰፋ ሐናን የምትባል መምህርት መጣች። እዚሁ ጭሮ ታስተምራለች፤ አባቷን አውቀዋለሁ። ለትምህርት ቤቷ ግድግዳ የከተማውን የድሮ ፎቶዎች እየሰበሰበች ነው።

«አባባ ጀማል፣ ይሄን ታውቀዋለህ?» ብላ አንድ ፎቶ ሰጠችኝ። እኛ አገር ሽማግሌውም አንተ ነው። ንቀት አይደለም፤ ምላሳችን እንዲህ ነው የተፈታው።

መነጽሬን ፈልጌ አየሁት። የጭነት መኪና ላይ ሁለት ወጣቶች አሉ። አንዱ የወታደር ልብስ ለብሶ ቆሟል፤ እጅጌው ስለረዘመበት ሁለቴ አጥፎታል። ሌላው ከጆንያ የተሰፋ ሸሚዝ ለብሶ ተንበርክኳል፤ አንድ እስር ጫት ወደ ቆመው ልጅ ዘርግቷል። ጫቱን የያዘው እጅ ሦስት ጣት ብቻ ነው ያለው። መሃላቸው ጥምጥም ያደረጉ ሽማግሌ አሉ። የቆመው ልጅ ሁለት እጁ ከጎኑ እንደተሰፋ ነው፤ ጫቱን ገና አልተቀበለም።

ገለበጥኩት። ከጀርባው «ጀግናው ኢብራሂም፣ ፈሪው ጀማል። መቻራ» ይላል። ጽሕፈቱ የሟቹ የመምህር አበራ ነው፤ የመጨረሻዋን ፊደል ጅራት ማስረዘም ይወድ ነበር።

«እንግዲህ ወታደሩ ወንድምህ ነው፣ የተንበረከከው አንተ ነህ» አለች ሐናን። እስክሪብቶዋን አውጥታለች።

«አዎ» አልኩ። ፎቶውን መልሼ ገለበጥኩትና «አይደለም» አልኩ።

«የቱ ነው አዎ፣ የቱ ነው አይደለም?»

«ጽሑፉ ልክ ነው። ፎቶውም ልክ ነው። አብረው ግን አይሄዱም።»

«አቦ አባባ፣ አንዱን ምረጥ እንጂ!» ብላ ሳቀች።

ሰኞ ተመለሽ አልኳት። ፎቶውን ትታልኝ ሄደች። እኔም መርፌዬን ጆንያው ላይ ሰክቼ ተውኩት፤ ያን ቀን ሥራ አልያዝልህ አለኝ።

ፊደል የቆጠርኩት ትልቅ ሰው ሆኜ በመሠረተ ትምህርት ነው። ዛሬም ሳነብ ጣቴ ከመስመሩ ላይ አይነሳም። ይህን የምጽፈው በልጅ ልጄ ደብተር ላይ ነው። ፊደሉን እሷ ታርመዋለች፤ ነገሩን ግን እንዳትነካው ብያታለሁ።

የድንበሩ ጦርነት የመጣ ጊዜ እኔ አሥራ ዘጠኝ፣ ታላቄ ኢብራሂም፣ ኢብሮ የምንለው፣ ደግሞ ሃያ ሁለት ዓመታችን ነበር። ከተማችን ያኔ አሰበ ተፈሪ ነበር የሚባለው፤ እኔ አፌ ስለለመደ አሁንም እንደዚያው እላለሁ። አባታችን ሞቷል። እናታችን ገበያ ላይ ማሽላ ትሸጥ ነበር። ቀበሌው ከየቤቱ አንድ ሰው ይዘምታል ብሎ ስም ሲጽፍ ከኛ ቤት የተጻፈው የኔ ስም ነበር። ለምን የኔ እንደሆነ አላውቅም፤ ምናልባት ቤቱን የሚያስተዳድረው ኢብሮ ነው ብለው ይሆናል። በስብሰባው ላይ ስሜ ሲጠራ «አቤት» አልኩ። ድምፄ ደህና ነበር። በማግስቱ ጠዋት ግን ለማንም ሳልናገር ቡና ሊጭን የሚሄድ መኪና ላይ ወጥቼ መቻራ ገባሁ። እዚያ የአክስቴ ባል የቡና መሬት ነበረው። ፈርቼ ነው። ከዚህ ሌላ ምክንያት ብዙ ጊዜ ፈልጌ አጥቻለሁ።

በአራተኛው ቀን አንድ ሹፌር «ወንድምህ ባንተ ፈንታ ተመዝግቦ ሄደ» አለኝ። ቀበሌው ቁጥሩ ከሞላለት ማን ሄደ ብሎ አልተጨነቀም። የከተማው ሰውም ታላቅየው ዘመተ፣ ታናሽየው ቡና ለቀማ ሄደ ብሎ አለፈው። ፈርቼ መሸሼን የምናውቅ እናቴ፣ ኢብሮና እኔ ብቻ ነበርን።

ያን ዘመን መቻራ ከረምኩ። የቀይ ቡና ጭማቂ እንደ ማር ጣት ላይ ይጣበቃል፤ ተርብ ይከተልሃል። ማታ ማታ ሰዎቹ የቡና ቅጠል በወተት አፍልተው ሆጃ ሲያቀርቡልኝ ሳልጨርሰው አስቀምጠው ነበር። የመኪና ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ከጆንያ ክምር ጀርባ እገባለሁ። ለቃሚዎቹ ሴቶች አይተው ይስቁብኝ ነበር፤ አንዷማ «ጀማል ሰዓት አያስፈልገንም፣ እሱ ሲደበቅ መኪና ደረሰ ማለት ነው» ትል ነበር።

ከዓመት በኋላ ጦርነቱ አበቃ፤ ኢብሮም ተመለሰ። ሰምቼ በዚያው ሳምንት ወደ ቤት ገባሁ። ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ጥንቅሽ በጥርሱ ይልጣል። የግራ እጁ ሁለት ጣት የለም። ከፊቱ ቆምኩ። የሚለኝን ስጠብቅ ጥንቅሹን ሰበረና አንዱን አንጓ ዘረጋልኝ።

«ያዝ» አለኝ። «ዘንድሮ ጣፋጭ ነው።»

በቃ ይኸው ነው። ሌላ ቃል አልተናገረም፤ ያን ቀንም፣ በኋላም። በጥፊ ቢመታኝ ኖሮ አርፍ ነበር። የማይመታህን ሰው ምን ታደርገዋለህ? ጥንቅሹን በላሁ። እውነትም ጣፋጭ ነበር።

መምህር አበራ ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ፣ ቀጭን፣ ንዴት የሚቀርበው ሰው ነበር። የቀበሌውን ኪነት የሚመራው እሱ ነው። ጦርነቱ ካለቀ በኋላ አንድ በዘፈን የታጀበ ድራማ ጻፈ። ስሙ ምን እንደነበር ዛሬ የሚያስታውስ ሰው አላገኘሁም፤ እኛ «የወንድማማቾቹ» ነበር የምንለው። የአንዲት መበለት ሁለት ልጆች አሉ። አንዱ ጀግና ነው፤ ይዘምታል። ሌላው ፈሪ ነው፤ ጆንያ ውስጥ ተደብቆ ይከርማል። ጀግናው ቆስሎ ሲመለስ ፈሪውን ከጆንያው ያወጣውና በሕዝብ ፊት «ወንድሜ አይደለህም» ብሎ እየዘፈነ ያባርረዋል።

አበራ የኛን የቤት ነገር አያውቅም ነበር። እንዴት ያውቃል? እኔና ኢብሮን የመረጠን መልካችንም ድምፃችንም ስለሚመሳሰል ነው። ጀግናውን ለኢብሮ ሰጠው፤ ጣቱ ደግሞ ለቁስለኛ ይመቻል አለ። ፈሪውን ለኔ ሰጠኝ። እምቢ ብል ለምን ሊለኝ ነው፤ እሺ አልኩ። ማንበብ ስለማልችል ቃሉን የሚያስጠናኝ ኢብሮ ነበር። የፈሪውን ዘፈን፣ አስቡት፣ ከኢብሮ አፍ ነው የተማርኩት።

እኔስ እዚህ ልቅር ቡናዬን ልልቀም፣
ወንድሜ ይዝመት እንጂ እኔማ አልጠቅም።

«'አልጠቅም' ስትል አንገትህን ድፋ» ይለኝ ነበር ኢብሮ። «አዎ፣ እንደሱ። ጎበዝ።» ፊቱን አያለሁ፤ ምንም የለበትም።

እናታችንን ሆና የምትጫወተው ዘይነባ ነበረች። አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ሽበት እንዲመስል ፀጉሯ ላይ ዱቄት ይነሰነሳል፤ ሲሞቃትና ሲያልባት ዱቄቱ ሊጥ ሆኖ ግንባሯ ላይ ይወርዳል። ይቺ ዘይነባ አሁን ባለቤቴ ናት።

መጀመሪያ እዚሁ አሰበ ተፈሪ በኤንትሬ የጭነት መኪና ላይ ተጫወትን፤ ሰው ሰደበኝ፣ ቻልኩት። ቀጥሎ ሂርና ሄድን። የጫት ሻጭ ሴቶች የጫቱን ጥራጊ፣ ገራባውን፣ እየለቀሙ ወረወሩብኝ። ጨርሰን ከኢብሮ ጋር አንድ ሻይ ቤት ገባን። ባለቤቱ ለኢብሮ ሻይ ከጣፋጩ ሙሽበክ ጋር አቀረበለት። የኔን ጠበቅኩ፤ የለም።

«የኔስ?» አልኩት።

«ለፈሪ ሻይ የለም።»

«አቦ ቲያትር ነው እኮ!»

«ቲያትር መሆኑን አውቃለሁ፤ ዓይን አለኝ። ቲያትርም ቢሆን እንዴት እሺ አልክ?»

ተነስቼ ወጣሁ፤ ሁለተኛ ፈሪ አልሆንም አልኩ። እኔ እምቢ ካልኩ እምቢ ነኝ፤ ይህን አበራም አውቆታል። ሌላ ልጅ ፈለገ፣ ጠፋ። የሂርናውን ወሬ ሁሉም ሰምቷል። ያኔ ኢብሮ «ተራ እንግባ» አለ። «አንድ ከተማ እሱ ፈሪ፣ አንድ ከተማ እኔ።»

አበራ ጮኸ። «ጀግናው ጀግና ነው፣ ፈሪው ፈሪ ነው! እንዴት ይለዋወጣል?»

«ይለዋወጣል» አለው ኢብሮ።

እንግዲህ ቦኬ የኢብሮ ተራ ሆነ። የወታደሩ ልብስ የራሱ የኢብሮ ነው፤ ከጦር ሜዳ ይዞት የመጣ። እኔን እጅጌው ስለሚረዝመኝ ሁለቴ አጠፍኩት። የገበያ ቀን ነበር። ድራማው መጨረሻ ሲደርስ አንድ ፍየል ሻጭ ፈሪውን በዱላ ሊመታ መኪናው ላይ ሊወጣ ሲል ሰዎች ያዙት። ኢብሮ ጆንያው ውስጥ ሆኖ ይስቅ ነበር። ከጦርነቱ ከተመለሰ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው። ምን አሳቀው? አልጠየቅኩም። በዚያ ዕድሜዬ የሚጠየቀውን ሁሉ አልጠይቅም ነበር።

ከቦኬ ቀጥሎ መቻራ ነው። መቻራ ደግሞ ፈሪ የመሆን ተራው የኔ ነበር። ይህን አስረግጬ ልጻፈው፤ ተራው የኔ ነበር።

በኤንትሬው ላይ አቧራ እየቃምን ጠዋት ደረስን። የቡና ለቀማ ወቅት ነው። ቡናው በየደጃፉ ተሰጥቶ አየሩ ሁሉ የበሰለ ፍሬ ይሸታል። ከመኪናው ላይ ሆኜ ወደ ገበያው ሳይ የማውቃቸውን ሴቶች አየሁ፤ የአክስቴን ባል ጎረቤቶች፣ አብረን የለቀምን። ከጆንያ ጀርባ ስገባ የሚስቁብኝን። ኢብሮን ከመኪናው ኋላ ወሰድኩት።

«ዛሬ አንተ ፈሪ ሁን» አልኩት።

«ተራው ያንተ ነው።»

«እዚህ አልሆንም። እዚህ ያውቁኛል።»

ስለ መቻራ በመካከላችን ሲነሳ ያ የመጀመሪያው ነበር። አሁን ይናገራል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ግን ቁልፉን አንድ በአንድ መፍታት ጀመረ። በሦስት ጣት ቁልፍ መፍታት ጊዜ ይወስዳል።

«እሺ፣ ልበስ» አለኝ። ልብሱ ሞቃት ነበር፤ ከገላው ነው ያወለቀው።

ከዙሁር ሶላት በኋላ የኤንትሬው የጎን ስፖንዳ ወረደ፣ ሞንታርቦው ተተከለ፣ አኮርዲዮኑ ተነሳ። ሕዝቡ ከቡናው፣ ከፍየሉ፣ ከሁሉም ተነስቶ መጣ። ወጣሁና የጀግናውን ዘፈን ጀመርኩ።

እናቴን አደራ፣ ቤቴንም አደራ፣
እኔ እሄዳለሁ ድንበሩ ሲጣራ።

ከሕዝቡ መሃል አንዲት ሴት «ኧረ ይሄ ጀማል ነው! ቡና ለቃሚው ጀማል!» ብላ ጮኸች። ሌሎቹ ሳቁ። አላየሁም ብዬ ድምፄን ከፍ አደረግኩ። ያን ያህል ጮክ ብዬ ዘፍኜ አላውቅም።

ወደ መጨረሻው ደረስን። ኢብሮን ከጆንያው አወጣሁት፤ ጣቴን ቀሰርኩና «ወንድሜ አይደለህም» የሚለውን ዘፈን ልጀምር ስል አንድ ሽማግሌ ከፊት ተነሱ። በኋላ እንደሰማሁት ሼህ አደም ይባላሉ፤ በዚያ አገር የተጣላ የሚያስታርቁ ትልቅ ሰው ናቸው። ከዘራቸውን አንስተው በኦሮምኛ «ዳባ!» አሉ፤ አቁሙ ማለት ነው። አኮርዲዮኑ ዝም አለ። ሁለት ሰው ደግፎ መኪናው ላይ አወጣቸው።

አበራ ሮጦ መጣ። «አባቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ይህ ድራማ ነው። እውነት አይደለም፤ እኔ ነኝ የጻፍኩት።»

«አንተ ነህ? እንግዲያ ያንተን በኋላ እናየዋለን» አሉት። «በኛ ገበያ ላይ ወንድም ወንድሙን 'ወንድሜ አይደለህም' ብሎ አይሄድም። ስለ ልጆቹ ንገረኝ። በእውነት ወንድማማች ናቸው?»

«አዎ፣ እነሱስ የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ ግን...»

«አንዱ በእውነት ዘምቷል?»

«አዎ ዘምቷል፤ ግን...»

«ታዲያ ውሸቱ የቱ ጋ ነው?»

አበራ ወደ ጎን ፈቀቅ አለላቸው።

ሼሁ ወደ ሕዝቡ ዞረው «አጥፊው ማነው?» አሉ። ገበያው በሙሉ ጆንያ የለበሰውን በጣት አሳየ። ከኔ አንድ ቃል ነበር የሚበቃው። አላወጣሁትም።

በዚያ አገር የበደለ ሰው ጫት ይዞ ነው የሚቀርበው። የተበደለው ጫቱን ከተቀበለ ታረቁ፤ ዱዓ ይደረጋል፣ ነገሩም ሁለተኛ አይነሳም። ከገበያው አንድ እስር ጫት መጣና ለኢብሮ ሰጡት። ተንበረከከ። ጫቱን በግራ እጁ፣ በሦስቱ ጣት ይዞ ዘረጋልኝ።

«አውፍ በለኝ፣ ወንድሜ» አለ።

ይህ ድራማው ውስጥ የለም። አበራ አልጻፈውም። ድምፁም የፈሪው ድምፅ አልነበረም፤ የራሱ ነበር። እኔ እጁን አያለሁ። ጣቶቹ የነበሩበትን ቦታ አያለሁ። አበራ ለሪፖርት ብሎ ያመጣው ፎቶ አንሺ ቀጭ ሲያደርግ ሰማሁ። እጄ አልንቀሳቀስ አለኝ፤ ዓይኔም መፍሰስ ጀመረ። ኢብሮ ቀና ብሎ ለኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ «ተቀበል አቦ፣ እጄ ደከመ» አለኝ።

ተቀበልኩ። «አውፍ ብያለሁ» አልኩ። እንግዲህ አስቡት፤ እኔ ነኝ ይቅር ያልኩት። ሼሁ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ፣ ሕዝቡ አሚን አለ፣ ሴቶቹ እልል አሉ። ቡና ለቃሚው ጀማል ያለችኝ ሴትዮ ራሷ እልል ብላለች።

ስንመለስ እኔና ኢብሮ ያንኑ ጫት ተካፍለን ኤንትሬው ላይ ቃምን። አሁን እነግረዋለሁ፣ አሁን እነግረዋለሁ እያልኩ ብዙ መንገድ ሄድን። በመጨረሻ «ኢብሮ» አልኩት። «ጫቱ ጥሩ ነው» አለኝ፤ ደገፍ ብሎም ዓይኑን ጨፈነ። አበራ በበኩሉ ከጎኔ መጥቶ «ያቺ ሴትዮ ቡና ለቃሚው ያለችህ ለምንድን ነው?» አለኝ። «ተመሳስዬባት ነው» አልኩት። ረጅም ጊዜ አየኝ፤ ወደ ቦታውም ተመለሰ። ያን የፎቶ ጀርባ የጻፈው እውነቱ ገብቶት ነው ወይስ ያው በመጀመሪያው የድራማ ድልድል ጽፎት ነው? አበራ ሞቷል፤ የሚጠየቅ የለም። ድራማውም ከዚያ ወዲያ አልታየም፤ ከበላይ መጨረሻው ተበላሽቷል ተባለ።

የኔ ግራ መጋባት እንግዲህ ይኸው ነው። በመቻራ የተባለው አውፍ ለማን ነው የተቆጠረው? የበደልኩት እኔ፣ የለመነው እሱ፣ ይቅር ያልኩት እኔ። ኢብሮ ሲንበረከክ በኔ ፈንታ መንበርከኩ ነበር? ወይስ ፈሪ ሁን ስላልኩት ብቻ ተጫውቶ ወረደ? አንዳንድ ቀን ጉዳዩ ያኔ አለቀ እላለሁ። አንዳንድ ቀን ደግሞ ጭራሽ ባሰበት እላለሁ። ዓመቱን ሙሉ አውጥቼ አውርጄ እዚያው እገኛለሁ።

ሐናን በሄደች ማታ ለዘይነባ ነገርኳት። የጦርነቱን፣ የመቻራውን፣ ሁሉንም። ባለቤቴ ብዙ ጊዜ ለሰው ስታወራ «ይሄ ሰውዬ መኪናው ላይ ለወንድሙ ያለቀሰውን አይቼ ነው ያገባሁት» ትላለች። ሰምታኝ ስትጨርስ ምስር መልቀሟን አቆመች።

«እንዲያ ከሆነ ለምንድን ነው ያለቀስከው?» አለችኝ።

«እኔ ምን አውቃለሁ።»

«ሰባት ልጅ ወልጄልህ አሁን አላውቅም ትለኛለህ?» አለችና ወደ ምስሯ ተመለሰች። ቆይታ ደግሞ «ሂርና ሂድ» አለችኝ። ኢብሮ ያለው ሂርና ነው፤ ልጁ ዘንድ።

ትላንት በሚኒባስ ሄድኩ። ገበያ ወርጄ አንድ እስር ጫት ገዛሁ፤ ለጋውን መርጬ። ኢብሮ ጥርስ የለውም፤ ጫቱን በትንሽ ሙቀጫ እየወቀጠ ነው የሚቅመው። ግቢው ውስጥ ጥላ ሥር ተቀምጧል፤ ሙቀጫው በእግሮቹ መሃል ነው። የልጁ ሚስት ፋጡማ በሩ ላይ ተቀብላኝ «ዛሬ ደህና ነው፤ ትላንትና ግን እናቱን ሲጠራ ዋለ» አለችኝ።

«ማነው?» አለ ኢብሮ።

«ጀማል ነኝ።»

«የትኛው ጀማል?»

«ወንድምህ።»

«እሱማ መቻራ ነው» አለኝ።

አጠገቡ ተቀመጥኩ። «ተመልሷል» አልኩት። ፎቶውን አውጥቼ ሰጠሁት። ወደ ዓይኑ አስጠግቶ አየው።

«ይሄ የተንበረከከው ማነው?»

«አንተ ነህ። ጣትህን እይ።»

እጁን ከፎቶው አጠገብ አድርጎ አስተያየ። «ምን አጠፋሁ?»

«ምንም። ቲያትር ላይ ፈሪ ሆነህ ነው።»

«ፈሪ ነበርኩ እንዴ?»

«አልነበርክም። ተራው የኔ ነበር፤ አንተ ገባህልኝ። የጦርነቱም ተራ የኔ ነበር።»

ይኸው ወጣ። ለስንት ዓመት የተሸከምኩት ነገር እንደ ተራ ወሬ ወጣ። ኢብሮ ፎቶውን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። ከዚያ ቀና ብሎ «ዛሬስ? ዛሬ ተራው የማን ነው?» አለኝ።

ዓይኑን አየሁት። እየቀለደ ይሁን፣ ጠፍቶበት ይሁን መለየት አልቻልኩም። ኢብሮ ድሮም ፊቱ አይነበብም።

«የኔ ነው» አልኩት።

«እንግዲያ ተንበርከክ።»

ግድግዳውን ይዤ ለመንበርከክ ታገልኩ። ጉልበቴ ተንቋቋ። ፋጡማ ከጓዳ ሮጣ መጣች። «አባባ ጀማል! ምን ሆንክ?»

«ተይው» አላት ኢብሮ። «ቲያትር ነው።»

አንዱ ጉልበቴ መሬት ደረሰ፤ ሌላኛው እምቢ አለ። እንደዚያው ሆኜ ጫቱን በሁለት እጄ ዘረጋሁ። «አውፍ በለኝ፣ ወንድሜ» አልኩ። እሱ ጫቱን ያያል፣ እኔን ያያል፤ እጁን አያነሳም።

«ተቀበል አቦ» አልኩት፤ «እጄ ደከመ።»

ያኔ ከንፈሩ ጫፍ ላይ አንድ ነገር ያየሁ መሰለኝ፤ ፈገግታ ነው ብዬ ግን አልምልም። በሦስቱ ጣቶቹ ተቀበለኝ። ወደ አፍንጫው አስጠግቶ አሸተተው። «ለጋ ነው» አለ፤ ቅጠሉንም እየቀነጠሰ ሙቀጫው ውስጥ ከተተና መውቀጥ ጀመረ። ፋጡማ አነሳችኝ። ሚኒባስ ሊያመልጠኝ እስኪል ድረስ ተቀምጬ ውቀጣውን ስሰማ ዋልኩ።

እንግዲህ የተቀበለው ጫቱን ነው ወይስ እኔን? ጥርስ የሌለው ሽማግሌ ለጋ ጫት ማንም ቢዘረጋለት ይቀበላል። ዘይነባ ተቀብሎሃል ትላለች። እኔ ደፍሬ አልልም፤ ያላወቅኩትን አወቅኩ አልልም።

ነገ ሰኞ ነው፤ ሐናን ፎቶዋን ልትወስድ ትመጣለች። አበራ የጻፈውን አልሰረዝኩትም፤ የሙት እጅ ጽሑፍ አይሰረዝም። ከሥሩ ግን በልጅ ልጄ እስክሪብቶ፣ ጣቴን ከፊደሉ ላይ ሳላነሳ፣ አንድ መስመር ጨመርኩበት። «ተራው የጀማል ነበር» ይላል። የሚያነበው ሰው ምን እንደሚገባው አላውቅም። ግድግዳው ላይ ከወጣ ግን ማንም ሊያነበው ይችላል።